የተሳሳተ ግምት የማን ዕዳ ነው?

አጅባር ላይ ለመኪና ባለንብረቶች፣ ለሹፌሮችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት

 

ስለ ጋራዥ ጠብ ተናገር ስትሉኝ አብዛኞቻችሁ የፈለጋችሁት ሕጉን ነው። ሕጉን እነግራችኋለሁ፤ አጭር ነው። ረጅሙ ከሕጉ በፊት ያለው ነው። ከመቀመጫችሁ እንደማየው ባለንብረቱ በአንድ ወገን፣ ባለሙያው በሌላ ወገን ተሰብስቧል። ማን ማንን እንደሚያማም አውቃለሁ። ባለንብረቱ «መካኒክ ሌባ ነው» ይላል። መካኒኩም «ደንበኛ መኪናው እስኪነሳ ነው ወዳጅነቱ» ይላል። ሌባ የለም አልልም፤ ዕዳ በልቶ የሚጠፋም አለ። እንደኔ ግምት ግን ከጋራዥ ጠብ ትልቁ እጅ ከሌብነት የመጣ አይደለም። ጥገና ግማሹ ግምት ነው፤ ግምቱ ሲስት ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ሁለቱም ወገን አስቀድሞ አልተነጋገረም። ጠቡ እዚያ ላይ ይወለዳል።

ነገሩን በመኪና ላይ እንየው። አንድ አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጭኖ ወደኛ ይመጣል እንበል። ደሴን አልፎ ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ዳገት ላይ ሲደርስ ሞተሩ ፈላ። ሹፌሩ አቆመ፣ አቀዘቀዘ፣ ከጀሪካን ውኃ ጨመረ፤ እንደ ምንም አቀስታ ገባ። በማግስቱ ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ ተመልሶ ጋራዥ ገባ። ባለሙያው ሰማው፣ ዞር ዞር ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ይሄ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። እንክፈተው?» አለ። ሹፌሩም «ክፈተው በቃ፤ አንተ ታውቃለህ» አለ።

ይቺ «አንተ ታውቃለህ» የምትባለው ነገር በጋራዥ ውስጥ ከሚነገረው ሁሉ ውዷ ናት። ሹፌሩ በትሕትና ያላት መስሎታል። መካኒኩ የሰማት ደግሞ «ያሻህን ለውጥ፣ ያሻህን አስከፍል፣ እኔ የለሁበትም» ተብላ ነው።

ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ። መኪናው ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ተነድቶ ተሞከረ፤ አልፈላም። ሒሳብ ተከፈለ፣ ሲሚንቶ ተጫነ፣ ጉዞ ተጀመረ። ጉጉፍቱ ላይ እንደገና ፈላ። ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ ለባለንብረቱ ደወለ፤ ባለንብረቱ ለጋራዡ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እዚህ አልደግመውም።

አሁን ማን ሰረቀ? ምናልባት ማንም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም ቀደም ብሎ ይፈላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ሲወጣ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ጤናማ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ደጋ ላይ መኪና ሁሉ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የታፈነ ውኃ ዘግይቶ ይፈላል። ክዳኑ ላይ ያለችው ጎማ ከደረቀች ወይም ምንጩ ከላላ ግፊቱ ያመልጣል፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ሞተር ጉጉፍቱ ዳገት ላይ፣ ያውም ጭነት ተሸክሞ፣ ይፈላል። የዚያ አይሱዙ በሽታ የክዳን ሊሆን ይችላል። የጓርኒሲዮን ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ከማርሚታው የማያባራ ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ የሚንተከተክ አረፋ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት እንደተጨመረበት ቡና የገረጣ ዘይት። እነዚህን ሳያይ ቴስታታ ያወረደ ባለሙያ ቸኩሏል። ቸኮለ ማለት ሰረቀ ማለት አይደለም፤ ኪሳራውን ግን ማን ይክፈለው?

ከጉጉፍቱ ሳንወርድ ሌላም ልጨምር። 3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚተነፍሰው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ያበዛል። «ኢኒየቶሪ አሠርቼ ጉልበቱ አልተመለሰም» ብሎ መካኒክ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሹፌር አንዳንዴ የሚከሰው ተራራውን ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን በዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ የፍሬን ጠላት ነው። ትናንት የተለወጠ የፍሬን ሸራ በዚያ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሳይሆን በእግር ፍሬን ብቻ ከተወረደበት ይጋያል። ሲጋይ ባለንብረቱ «ሸራው ቻይና ነው» ይላል፣ መካኒኩ «አነዳዱ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ሽማግሌ የሚቸገረው።

እንግዲህ ሕጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 2610 ላይ የሚገኘው ውል አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የሚገባበት፣ ሌላው ዋጋውን የሚከፍልበት ነው። ጋራዥ በተለምዶ የሚወድቀው እዚህ ነው። ከሐኪም ጋር አስተያዩት። በዚሁ ሕግ ሐኪም በሙያው ደንብ ይሠራል እንጂ እንደሚያድን ዋስ አይሆንም። «ፈላ» ያላችሁትን መኪና «ዳግመኛ እንዳይፈላ አድርጌ አስረክባለሁ» ያለ ጋራዥ ግን ውጤት ተዋውሏል። ቴስታታ ማውረዱ ድካም ነው፤ ውጤቱ አለመፍላቱ ነው።

ነገር ግን፣ ባለሙያዎች አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፣ «የዚህን መኪና ጓርኒሲዮን ለውጥልኝ» ብሎ ራሱ ባለንብረቱ ካዘዘ ውጤቱ ጓርኒሲዮን መለወጥ ብቻ ነው። መኪናው ቢፈላ ያዛዡ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የጠቡ ቁልፍ መኪናው ሲገባ የተባለው ነገር ነው፦ «ችግሩን ፈልገህ አጥፋልኝ» ነው የተባለው ወይስ «ይህን ዕቃ ቀይርልኝ»? ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህን ለይታችሁ የምትናገሩ?

በመሃል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር የሚበጀው እሱ ይመስለኛል። የምርመራ ኮምፒውተር በየጋራዡ አይገኝም። ባለሙያው የሚሠራው እያገለለ ነው፦ ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም፣ እንግዲህ ያ ነው። እንዲህ ከሆነ በግልጽ ይነገር። «ጋሼ፣ በመጀመሪያ ርካሹን እንሞክር፦ ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ቀበቶ። ካልሆነ ራዲያተር እናጥባለን። ቴስታታ የመጨረሻው ነው፤ ሳልደውልልዎ አልከፍተውም።» ለምርመራው ራሱን የቻለ ዋጋ ይቆረጥ። መንገዱን ተስማምታችሁ ከገባችሁበት በየደረጃው የተገዛው ዕቃ የባለንብረቱ ነው፤ ቢስትም የእሱ ነው፣ ምክንያቱም እያወቀ ፈቅዷል። ባለሙያው «ይሄ ነው» ብሎ ሳይመረምር በእርግጠኝነት የከፈተው ከሆነ ግን ድካሙን ይሸከም፤ በከንቱ የተገዛውንም ዕቃ ይካፈል። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትቀመጡ ልትከራከሩበት ትችላላችሁ።

የዕቃውን ነገር ካነሳን ዘንድ ትንሽ እንቆይበት፤ እዚህ ገንዘብ አለ።

መለዋወጫ ከደሴ፣ ካልተገኘም ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ አዲሱ ከሱቅ፣ ያገለገለው ደግሞ ብዙ ጊዜ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚባለው ሰፈር። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕቃው በአውቶቡስ ሲመጣ መኪናው ይቆማል፣ የማይገጥም ሆኖ ሲገኝ ተመልሶ ይሄዳል፣ መኪናው አሁንም ይቆማል። መኪና ቆሞ የሚያስከፍለው ዕዳ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ያውቀዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያኑ ቀን ከ74 ብር አለፈ፣ በወራት ውስጥም ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶ ነበር፤ ቆይቶም መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ውጤቱን ታዩታላችሁ፦ ያረጀው መኪና አይሸጥም፣ አይጣልም፤ ይጠገናል። መኪናው ባረጀ ቁጥር የጋራዥ ደጅ ይበዛል፣ ጠቡም ይበዛል።

«ሰኞ በፕሮፎርማ የተነገረኝ ዋጋ ዓርብ ጨመረ» የሚል አቤቱታ የተለመደ ሆኗል። ሕጉ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር አለው። ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚባለው ቁጥር 1792 እንደሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን ፈጽሞ እንዳይፈጸም የሚያግድ ነገር ነው። ቁጥር 1794 ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ ከዚያ ውስጥ እንደማይገባ ይናገራል። ስለዚህ ጋራዡ ዕቃውንም እጁንም ጨምሮ «በዚህ ዋጋ እጨርሳለሁ» ብሎ ከተዋዋለ ዶላር ወጣ ብሎ ውሉን ማፍረስ አይችልም። «ዕቃው በዕለቱ ዋጋ» ብሎ ከተዋዋለ ደግሞ ባለንብረቱ አይችልም። መንገድ ተዘግቶ ዕቃው ቢቀር ግን ሌላ ነው፤ ጋራዡ ያላዘገየውን ቀን በጋራዡ ላይ መቁጠር ፍርድ አይሆንም።

ደረሰኝ ላይ ከታች በትንንሽ ፊደል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ታትሞ ታያላችሁ። ነጋዴው እንደ ሕግ አንቀጽ ይጠቅሰዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለ ዕቃው ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘም ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት ይጠይቃል። በደረሰኝ ግርጌ የታተመ ዓረፍተ ነገር ይህን አይሽርም። ጥያቄው ግን ሳይውል ሳያድር ይቅረብ። ዕቃው ከካርቶኑ ጋር ይመለስ፤ ግሪስ ተቀብቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦ ከመጣ ነጋዴውም እውነት አለው። ደረሰኝ መስጠትና የአገልግሎቱን ዋጋ ደንበኛ በሚያየው ቦታ መለጠፍም በዚሁ አዋጅ የነጋዴ ግዴታ ነው፤ ጋራዥም ነጋዴ ነው።

ዕቃውን ማን ይግዛ? ስለዚህ ጉዳይ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፤ እኔ ልናገር። ባለንብረቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው፤ መኪናው እዚህ ነው። ሹፌሩ ጋራዥ ያስገባል፣ መካኒኩ ሱቅ ያሳያል፣ ሱቁ ደግሞ ደንበኛ ላመጣለት ኮሚሽን ይሰጣል። ሦስት አፍ በአንድ ኩሽኔታ ላይ ይበላል። ባለንብረቱ ይህን ጠርጥሮ የእጅ ዋጋ ላይ ይነሳል፦ «ለዚህች ብሎን ለመፍታት ይህን ሁሉ?» እያለ ይቆርጣል፣ ይቆርጣል። መካኒኩ የእጁን ዋጋ ሲነጠቅ ኑሮውን ከዕቃው ላይ ይፈልጋል፤ ሳይበላሽ የሚለወጥ ዕቃ የሚመጣው ከዚህ ነው። የእጅ ዋጋ በደህና ቁረጡና ዕቃውን ራሳችሁ ክፈሉ፤ ከደሴም ቢሆን ባለሱቁን በስልክ አግኝታችሁ በባንክ ወይም በቴሌብር በቀጥታ ላኩለት። «ለእገሌ መኪና ኩሽኔታ» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉበት። የኋላ ማስረጃ ይሆናችኋል። ሹፌሩም ከሐሜት ይድናል።

አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣ የመኪና ጥገና ሕግ አለ፤ ጋራዡ ከመጀመሩ በፊት ግምቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ከግምቱ በላይ ከመሄዱ በፊት የደንበኛውን ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ደንበኛው ከጠየቀም የተፈታውን አሮጌ ዕቃ እንዲያስረክብ ያስገድዳል። እኛ ይህን ለማድረግ ካሊፎርኒያን መጠበቅ የለብንም። ዕቃው ሳይፈታ በፊት የሚደረስበት ከሆነ የቀለም ወይም የጥፍር ቀለም ጠብታ አድርጉበት። ፍሪሲዮን ተለወጠ ስትባሉ ያንን አሮጌ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እዩት፦ ሪቬቶቹ ከሸራው ጋር እኩል ሆነው ብረቱ ብረት መፋቅ ከጀመረ ዕድሜው አልቋል። ሸራው ገና ከሪቬቱ በላይ ወፍራም ከሆነና ዘይት ካልነካው «ለምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ ባለሙያ መልስ አለው። የሌላ መኪና አሮጌ ዕቃ እየታየ የተከፈለበት ጊዜ ስላለ ነው ጠብታዋን የምላችሁ።

አሁን ወረቀቱ። ቁጥር 1719 እንደሚለው ውል በሕግ የተለየ ቅርጽ ካልተወሰነበት በስተቀር በቃልም ይጸናል፤ ለጥገና ወረቀት ግዴታ አይደለም። ግን ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ግዴታው መኖሩን ያስረዳ ይላል። ስለዚህ ከደብተር የተቀደደች ሉክ ትበቃለች። እንዲህ ትጻፍ፦

«ዛሬ ቀን ይህን ያህል፣ ሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነ አይሱዙ፣ ኪሎ ሜትሩ ይህን ያህል ሲያሳይ፣ ነዳጁ ከሩብ በታች ሳለ ገብቷል። ባትሪ፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ቴፕ አለ። የደንበኛው ቅሬታ፦ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይፈላል። የምርመራ ዋጋ ይህን ያህል። ከዚህ ብር በላይ የሚያስወጣ ሥራ ሳይደወልና ሳይፈቀድ አይሠራም። የዕቃ ዋጋ በደረሰኝ፣ በባለንብረቱ ይከፈላል። ቀብድ ይህን ያህል ተከፍሏል። ሥራው ተሠርቶ ጉጉፍቱ ድረስ ከጭነት ጋር ተሞክሮ ይረከባል። የእጅ ሥራው ለዚህ ያህል ቀን ዋስትና አለው።»

ሁለቱ ይፈርሙ፤ አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ፤ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ትርፍ ጎማና ባትሪ ለምን ተጻፈ የምትሉኝ ባለሙያዎች ይህ ለእናንተ ነው። ባትሪ ተቀየረብኝ የሚል ክስ ከሞተር ክስ ይልቅ መልስ ያጣል። ከሁሉ በላይ ግን ሙከራው የት እንደሚሆን የሚለውን መስመር አትዝለሉ። ያ አይሱዙ ኮምቦልቻ ላይ ተሞክሮ የተረከበ በመሆኑ ነው ጠቡ የተነሳው።

ጠብ ከተነሳስ?

በመጀመሪያ ወደዚያው ጋራዥ ተመለሱ። ተናድዳችሁ መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወስዳችሁ አስፈትታችሁ የሁለተኛውን ደረሰኝ ይዛችሁ መጥታችሁ «ክፈል» ካላችሁ ሁለት ነገር ታጣላችሁ። አንደኛው ማስረጃ ነው፤ የተፈታ ሞተር የመጀመሪያው ሰው ምን እንደሠራ አይናገርም። ሁለተኛው ሕጋዊ ቦታችሁ ነው፤ ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል፤ ቁጥር 1774 በማስጠንቀቂያው ውስጥ ቀን ቆርጣችሁ «ከዚህ ቀን በኋላ አልቀበልም» ለማለት ይፈቅድላችኋል፤ ቁጥር 1777 ደግሞ ሥራውን በባለዕዳው ወጪ በሌላ ለማሠራት የሚያስችላችሁ ሲፈቀድላችሁ ነው። ማስጠንቀቂያ አስፈሪ ነገር አይደለም። «ወንድሜ፣ መኪናው አሁንም ይፈላል፤ እስከ ዓርብ አስተካክልልኝ፤ ካልሆነ በሌላ አሠርቼ ወጪውን እጠይቅሃለሁ» የሚል በምስክር ፊት የተሰጠ ወረቀት በቂ ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሲደርስ መኪናው ይስተካከላል።

ካልተስተካከለ ሽማግሌ። ወሎ በዚህ አይታማም። በምሥራቁ ቆላ የአበጋር የዕርቅ ሥርዓት ደም እስከ ማድረቅ ድረስ ይሄዳል፤ የኛ ጉዳይ እግዚአብሔር ይመስገን የራዲያተር ክዳን ነው፤ ቡና ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ሦስት ሽማግሌ ሲቀመጥ አንዱ መካኒክ ይሁን፤ ያውም የተከሳሹ ጓደኛም ተፎካካሪም ያልሆነ። ሞተር የማያውቅ ሽማግሌ ሁሌም መሃሉን ይቆርጣል፦ «ግማሽ ክፈል፣ ግማሽ ተው»። መሃል መቁረጥ ለዘመድ ጠብ ጥሩ ነው፤ ለቴስታታ ግን እውነተኛውን ሰው ግማሽ ያጠፋዋል። ጀርመኖች ይህን ተረድተዋል፤ የጋራዥ ሙያ ማኅበራቱ ለደንበኛ በነፃ የሚሠሩ የዕርቅ ቦርዶች አሏቸው፣ በቦርዱም ውስጥ የቴክኒክ ባለሙያና የሕግ ባለሙያ አብረው ይቀመጣሉ። አጅባርና መካነ ሰላም ላይ ያላችሁ ጋራዦች በመካከላችሁ አንድ እንዲህ ያለ የሦስት ሰው ጉባኤ ብታቋቁሙ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። በጽሑፍ የተደረገ ዕርቅ በሕግ ዋጋ አለው፤ ግልግልንና ዕርቅን የሚመራ አዋጅም በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1237 ወጥቷል።

ከሽማግሌ ካለፈ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። የሸማቾች ጥበቃ በፌዴራል ደረጃ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ነበረው፤ ኋላ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። እዚህ ለኛ በር የሆነው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ዋጋ ያልለጠፈ፣ ደረሰኝ የከለከለ፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ጋራዥ የእነሱ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፤ ዳኛው ሞተር አያውቅም፣ ባለሙያ አስመርምሮ ነው የሚወስነው፤ ያ ሁሉ ሲሆን መኪናው ቆሞ ነው። ለትንሽ ሒሳብ አልመክርም። ለተሰበረ ሞተር ግን ሂዱ።

ባለሙያዎች ደግሞ ዛሬ ብዙ ወቀስኳችሁ፤ እናንተም አቤቱታ አላችሁ። ጋራዥን ማቆሚያ የሚያደርግ ደንበኛ አለ። «ነገ እከፍላለሁ» ብሎ መኪናውን በሌሊት የሚያስነሳ አለ። ራሱ ባመጣው ዕቃ አስገጥሞ ዕቃው ሲሰበር እናንተን የሚከስ አለ። ለናንተም መድኃኒቱ ያችው ሉክ ናት።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱ እዚህ ታትመዋል።

አንድ የባጃጅ ባለቤት፦ «ዕቃውን እኔ ገዝቼ አመጣሁ፣ መካኒኩ ገጠመው፣ በሳምንቱ ተሰበረ። ማንን ልጠይቅ?»

የሰበረውን ካወቅህ መልሱ ቀላል ነው፤ ለማወቅ ግን ባለሱቁም መካኒኩም ባሉበት ይከፈት። ዕቃው ራሱ ደካማ ከሆነ ባለሱቁ ነው፤ በትክክል ያልጠበቀ ብሎን፣ ያልገባ ዘይት፣ ተዛንፎ የገጠመ ከሆነ መካኒኩ ነው። የተሰበረውን ዕቃ አታጥበው፣ ካርቶኑን አትጣለው፣ ደረሰኙን ያዝ። መካኒኩም ዕቃው ሲመጣለት ደካማ መሆኑን ካየ «ይሄ አይበረክትም» ብሎ ያችው ሉክ ላይ ይጻፍ። አይቶ ዝም ብሎ ከገጠመው እኔ ሽማግሌ ብሆን ከኃላፊነቱ ጥቂቱን እሱም ላይ እጥላለሁ።

አንድ የጋራዥ ባለቤት፦ «ሰው መኪና አስገብቶ፣ ተሠርቶ፣ ጠፋ። ወራት ሆነው። ስልኩ አይነሳም። ዕቃውን ፈትቼ ብሸጥስ?»

አትንካው። ሊብሬው በስሙ ነው፤ አንዲት ብሎን ሸጠህ ብትገኝ ያንተ ገንዘብ ጥያቄ ቀርቶ የሱ ክስ ይጀመራል። በሊብሬው ላይ ባለው አድራሻ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ላክ፣ በቀበሌ ወይም በምስክር ፊት ይሁን፣ የሥራውን ዋጋ ዘርዝር፣ ቀን ቁረጥለት። ሹፌር ነው ያስገባው ካልክ ለባለንብረቱም ይድረስ። ቀኑ ካለፈ ለፍርድ ቤት አመልክት፤ ገንዘብህ በሐራጅ እንዲከፈልህ የሚወስነው እሱ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ሉኳ ላይ አንድ መስመር ጨምር፦ ሥራው አልቆ ከተነገረ በኋላ ከዚህ ቀን በላይ ለቆመ መኪና በቀን ይህን ያህል የማቆሚያ ይከፈላል።